ውሻን በአደራ ማቆየት፦ ከመቀበሉ ይልቅ መስጠቱ ለምን ይከብዳል?

አደራ በኅብረተሰቡ ዘንድ ክብደት ያለው ቃል ነው። ገበሬ የጎረቤቱን በሬ ለአንድ ክረምት ይዞ ይመልሳል፤ በርቢ የተሰጠችውን ላም ጥጃዋን ተካፍሎ እናቲቱን ለባለቤቷ ያስረክባል፤ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ንብረቱን ለሚያምነው ዘመድ ትቶ ይጓዛል። የተቀበለውን ሳይመልስ የቀረ ሰው «አደራ በላ» ይባላል፤ ይህ ስም አንድ ጊዜ ከተለጠፈ በቀላሉ አይለቅም።

በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች ይኸው የአደራ ልማድ ባለቤት ላጡ ውሾች ይሠራበታል። ፈቃደኛ ቤተሰቦች ከጎዳና የተነሳን ወይም ከመጠለያ የወጣን ውሻ ለጥቂት ሳምንታት በቤታቸው ያቆያሉ። ይመግቡታል፣ ያስታምሙታል፣ ከሰው ጋር ያላምዱታል፤ ቋሚ ባለቤት ሲገኝለት ደግሞ ያስረክቡታል። ሥራው ከውጭ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ግን አስቸጋሪው ክፍል ውሻውን መቀበል ሳይኾን መስጠት መኾኑን ይናገራሉ። ለአጭር ጊዜ ብሎ የተቀበለ ሰው ቀኑ ሲደርስ እጁ አልዘረጋ ይለዋል፤ «እዚሁ ይቅር» የሚል ሐሳብም ይመጣበታል።

ልማዱ የመጣው ከመጠለያዎች ችግር ነው። በለንደን ከተማ ሜሪ ቲልቢ የተባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ1860 ለጠፉና ለተራቡ ውሾች መጠለያ ከፈቱ። ይህ ተቋም ከ11 ዓመት በኋላ ባተርሲ ወደተባለው የከተማዋ ክፍል ተዛውሮ እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይታወቃል። በአሜሪካም በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን ለመከላከል የመጀመሪያው ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1866 ነው። መጠለያዎቹ እየበዙ ቢሄዱም የሚገቡት ውሾች ቁጥር ከቦታው በላይ ነበር። ይኸው የአሜሪካ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት መሠረት በአገሪቱ መጠለያዎች በዓመት 3 ነጥብ 1 ሚሊዮን ያህል ውሾች ይገቡ ነበር፤ 390 ሺህ ያህሉ ደግሞ በመርፌ እንዲሞቱ ይደረጉ ነበር።

ቦታ ማጣት አንዱ ምክንያት ብቻ ነው። መጠለያ ለውሻ ከባድ ስፍራ ነው። በብረት ፍርግርግ የተከፋፈለ ክፍል፣ ሌሊትና ቀን የማያቋርጥ ጩኸት፣ በየቀኑ የሚለዋወጥ የሰው ፊት ይገጥመዋል። በዚያ ውስጥ ፈሪው ውሻ ይበልጥ ይፈራል፤ ተጫዋቹ ይነጫነጫል፤ ሊወስደው የመጣ ሰውም ጥግ ይዞ የሚንቀጠቀጥ ወይም በፍርግርጉ ላይ የሚዘል ውሻ አይቶ ያልፋል። ገና ያልተከተቡ ቡችሎች፣ የወለዱ እናቶች፣ ከቀዶ ሕክምና የሚያገግሙና ያረጁ ውሾች በዚያ መቆየት ይበልጥ ይጎዳቸዋል።

ለውጡ በሰውነታቸውም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ የወጣ የአሜሪካ ጥናት በ5 መጠለያዎች የነበሩ 207 ውሾችን ተከታትሏል። ውሾቹ ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት ብቻ ወደ ሰው ቤት ሄደው እንዲያድሩ ተደረገ፤ ከጭንቀት ጋር የተያያዘው ኮርቲሶል የተባለው ንጥረ ነገር መጠንም በሽንታቸው ተለካ። በሰው ቤት ባደሩባቸው ቀናት መጠኑ ቀነሰ፤ ረዘም ያለ እረፍትም አገኙ። ወደ መጠለያው ሲመለሱ መጠኑ ወደ ነበረበት ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለአጭር ጊዜ በሰው ቤት ያደሩ ውሾች ቋሚ ባለቤት የማግኘት ዕድላቸው ካልወጡት ጋር ሲነጻጸር 14 እጥፍ ያህል ከፍ ያለ መኾኑን አሳይቷል። ያስተናገደው ቤተሰብ «ይህ ውሻ ከልጆች ጋር ይስማማል፣ ሌሊት አይረብሽም፣ ዶሮ ግን ያባርራል» ብሎ መናገር ይችላል፤ መጠለያው ይህን ሊያውቅ አይችልም።

አሠራሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። መጠለያው የውሻው ባለቤት ኾኖ ይቀጥላል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሕክምናውን፣ አንዳንዴም የምግቡን ወጪ ይሸፍናል። ቤተሰቡ ቦታውን፣ ጊዜውንና ትኩረቱን ይሰጣል። ጡት የሚጠቡ ቡችሎች ከኾኑ ቆይታው ሁለት ወር ገደማ ይደርሳል፤ ከቁስል የሚያገግም ከኾነ እስኪድን ድረስ ነው። ስምምነቱ በጽሑፍ ይደረጋል። ወረቀቱ ግን ልብን አያስርም።

ፈተናው የሚጀምረው ውሻው መዳን ሲጀምር ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጠረጴዛ ሥር የማይወጣው፣ እጅ ሲያይ የሚሸሸው ውሻ በሦስተኛው ሳምንት ጅራቱን እየቆላ በር ላይ ይጠብቃል። ይህን ለውጥ ያመጣው የገዛ እጁ መኾኑን ሰው ያውቃል። የደከመበትን ነገር የራሱ አድርጎ ማየትም የሰው ባሕርይ ነው። ስም ከወጣለት፣ ልጆች ከተላመዱት፣ አመሻሽ ላይ አብሮ መቀመጥ ልማድ ከኾነ በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ «ልወስደው ነው» ሲል ቅር ማለቱ አይቀርም። አንዳንዱ ጠያቂውን መመርመር ይጀምራል፤ የዚህኛው ግቢ ጠባብ ነው፣ ያኛው ሥራ ይበዛበታል፣ ሦስተኛው ሲያናግር ድምፁ ደስ አይልም። ሁሉንም የማይበቁ እያደረገ የሚጥለው መስፈርት ብዙ ጊዜ የተሠራው ውሻውን ላለመስጠት ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም በመጨረሻ ውሻውን ለሚያስቀር ሰው የወጣ የቀልድ ስም አለ፤ «በአደራ ያዥነት የወደቀ» ይሉታል። ቀልዱ ደግነት አለው፤ ውድቀት ያሉት ነገር ለአንድ ውሻ ቤት ማግኘት ነውና።

ይሁን እንጂ ስሌቱ ከቀልዱ ይከብዳል። አንድ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ አንድ ውሻ ብቻ የመያዝ አቅም አለው እንበል። እያንዳንዱን ለ2 ወር አቆይቶ ቢያስረክብ በዓመት 6 ውሾች፣ በ5 ዓመት ደግሞ 30 ውሾች በዚያ ቤት ያልፋሉ። የመጀመሪያውን ካስቀረው ግን ቤቱ ሞላ። ውሻ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችል በሩም ለዚያን ያህል ጊዜ ይዘጋል። ሁለት ሦስት ውሾችን ደራርቦ ማስቀረት ደግሞ የባሰ ችግር ያመጣል፤ የምግቡና የክትባቱ ወጪ ይጨምራል፣ ጎረቤት በጩኸቱ ያማርራል፣ በመጨረሻም ሊረዳ የተነሳው ቤት ራሱ ረዳት ፈላጊ ይኾናል።

የበሬው አደራና የውሻው አደራ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በሬው የሚጠይቅ ባለቤት አለው፤ ቀኑ ሲደርስ መጥቶ «በሬዬን» ይላል። ከጎዳና የተነሳው ውሻ ግን ጠያቂ የለውም። ቢቀር የሚጎዳው ገና ያልመጣው ቀጣዩ ውሻ ነው፤ እርሱ ደግሞ አይታይም፣ አይጮህም፣ ስም አልወጣለትም። ዓይን የሚያየውን መርጦ የማይታየውን መርሳት ቀላል በመኾኑ ብዙ ደግ ሰዎች በዚህ ይሸነፋሉ። እነዚህን ሰዎች አደራ በላ ማለት ፍርደ ገምድልነት ይኾናል፤ ነገር ግን ያስቀሩት ነገር ምን እንደኾነ ማወቅ ይገባቸዋል።

ውሻውን ለማስቀረት አዘውትሮ የሚቀርበው ምክንያት «እኔን ለምዷል፤ ከሰጠሁት በናፍቆት ይሞታል» የሚል ነው። በዚህ ረገድ በሃንጋሪ የተሠራ አንድ ጥናት ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ በኾነው በዚህ ጥናት በመጠለያ የሚኖሩ ትልልቅ ውሾች ከማያውቁት ሰው ጋር ለ10 ደቂቃ ያህል ሦስት ጊዜ ብቻ እንዲገናኙ ተደረገ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ፍተሻ ለዚያ ሰው ውሻ ለባለቤቱ የሚያሳየውን ዓይነት ቁርኝት አሳዩ። በአጠቃላይ ግማሽ ሰዓት ብቻ ማለት ነው። ውሻ መለያየት አይሰማውም ማለት አይደለም፤ ጥቂት ቀናት ምግብ ሊቀንስ፣ ሌሊት ሊያላዝን ይችላል። ነገር ግን አዲስ ሰው የመልመድ ችሎታው ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው አባባል ለሰው ሲነገር ስድብ ቢመስልም ስለ ውሻው ግን እውነቱን ይናገራል። በመለያየቱ ቀን ረዘም ላለ ጊዜ የሚያዝነው አብዛኛውን ጊዜ ሰጪው ነው።

ይህንን ሐዘን አስቀድሞ አውቆ መግባት እንደሚቻል የሚያሳይ የቆየ ምሳሌም አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1929 የተመሠረተው ዘ ሲይንግ አይ የተባለ ተቋም ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መሪ የሚኾኑ ውሾችን ያሠለጥናል። ከ1942 ጀምሮ ቡችሎቹን በገጠር ወጣቶች ክበብ ለታቀፉ ልጆች እየሰጠ አንድ ዓመት ገደማ ያሳድጓቸው ነበር። ልጁ ቡችላውን ያበላል፣ ገበያና ሰው የበዛበት ቦታ ይወስዳል፣ ትእዛዝ መስማት ያስተምራል፤ ጊዜው ሲደርስ ወደ ሥልጠናው ይመልሳል። አሠራሩ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ልጆቹ እያለቀሱ ይመልሱ ነበር፤ ብዙዎቹ ደግሞ በማግስቱ ሌላ ቡችላ ይጠይቁ ነበር ተብሎ ቢታሰብ ከእውነት አይርቅም። ሥራውን የሚያቀለው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የመመለሻው ጊዜና ምክንያቱ መታወቁ ነው።

ማስቀረት ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም። ያረጀ፣ በሽታው የማይድን፣ ወይም በየቤቱ ሲዘዋወር የከረመና ለሌላ ለውጥ አቅም ያጣ ውሻ በደረሰበት ቤት ቢቀር ይሻለዋል። ቤተሰቡ ከቀድሞም ውሻ ሊይዝ አስቦ ከነበረ፣ ቦታውና ወጪው ካለ፣ ከዚህ በኋላ ሌላ እንደማይቀበል በግልጽ ከወሰነም ጥሩ ነው። ችግር የሚኾነው ውሳኔው ሳይወሰን ሲቀር ነው። «ትንሽ ይቆይ» ሲባል ወራት ያልፋሉ፤ ውሻው አይሰጥም፣ የራስም ተደርጎ አይያዝም፣ አይከተብም፤ ባለቤት ያለው ይመስላል፣ ኃላፊነቱን የሚወስድ ግን የለም።

በኢትዮጵያ ከተሞችና ገጠሮች የሚታየው ሁኔታ ከዚህ የመጨረሻው ጋር ይቀራረባል። በአብዛኛው ቦታ የውሾች መጠለያ የለም። በአደራ ማቆየት ግን፣ በዚህ ስም ባይጠራም፣ አለ። ከግቢ ቤት ወደ ጋራ ሕንጻ የሚዛወር ቤተሰብ ውሻውን «ለጊዜው» ለጎረቤት ይተወዋል። ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ ያሳደገችው ውሻ ለእናቷ ይቀራል። ብዙ ሰው ወንድ ቡችላ ስለሚመርጥ የተወለዱት ሴት ቡችሎች በጆንያ ተደርገው ወንዝ ዳር ወይም ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ይጣላሉ፤ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ያገኟቸውና በደብተር ቦርሳቸው ይዘው ይመጣሉ። እናት መጀመሪያ ትቆጣለች፤ ከዚያ በአሮጌ ሳህን ወተት ታቀርባለች። በዚያች ሰዓት ቤቱ አደራ ተቀበለ።

ውሻ በኢትዮጵያ በአብዛኛው የግቢ እንጂ የቤት ውስጥ እንስሳ ስላልኾነ አያያዙ ይለያል። ገበሬው ከጅብና ከቀበሮ በግ የሚጠብቅለት፣ ከማሳ ዝንጀሮ የሚያባርርለት፣ ሌሊት ኮቴ ሲሰማ የሚያነቃው ውሻ ይፈልጋል፤ የከተማው ነዋሪ ደግሞ ከሌባ የሚጠብቅለትን። ስለዚህ የተገኘን ቡችላ የሚቀበል ሰው ማግኘት እንደሚታሰበው ከባድ አይደለም። ለሰው በቂ መጠለያ በሌለበት ስለ ውሻ ይህን ያህል ማውራት ቅንጦት ነው የሚል አንባቢም ይኖር ይኾናል። ጉዳዩ ግን ለሰውም የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በሰው ላይ ከሚከሰተው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚኾነው የሚተላለፈው ከውሻ ነው። በዓለም በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ አብዛኞቹ በአፍሪካና በእስያ ናቸው። በበሽታው ተጠርጣሪ በኾኑ እንስሳት ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የኾኑ ልጆች ናቸው። ቡችላ በቦርሳ ይዘው የሚመጡትም እነርሱ ናቸው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ለማለት ይቻላል።

ከጎዳና የተነሳ ውሻ ጤነኛ መምሰሉ ብቻ መተማመኛ አይኾንም። ቫይረሱ ወደ ውሻ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል፤ አንዳንዴም ወራት ሊቆይ ይችላል። ቡችላ አያብድም የሚለው ግምትም ስሕተት ነው፤ ያበደ ውሻ የነከሰው ቡችላ እንደ ትልቁ ሁሉ ይታመማል፣ ያስተላልፋልም። በበሽታው አስቀድሞ የተያዘን ውሻ ደግሞ በኋላ የሚሰጥ ክትባት አያድነውም። በመኾኑም የተገኘ ውሻ ወዲያውኑ ወደ እንስሳት ክሊኒክ መወሰድ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ከሌሎች ውሾችና ብቻቸውን ከሚጫወቱ ልጆች ተለይቶ በግቢው አንድ ጥግ መቆየት አለበት። ድንገት ጠባዩ ቢለወጥ፣ ያለ ምክንያት ቢናከስ፣ መዋጥ ቢያቅተው፣ ምራቁ ቢዝረበረብ፣ አገጩ ቢንጠለጠል ወይም የኋላ እግሩን መጎተት ቢጀምር ማንም እንዳይነካው አድርጎ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል። አጥንት ተሰንቅሮበት ይኾናል በሚል እጅን ወደ አፉ መክተት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው።

እዚህ ላይ በአደራ የማቆየት ጥቅም ከርኅራኄ ያልፋል። የ2 ወር ቆይታ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ከሚያሳይበት ጊዜ ጋር ይገጣጠማል። ከመንገድ ያነሱትን ቡችላ በዚያው ሳምንት ልጆች ላሉት ዘመድ አሳልፎ መስጠት የማይታወቅ አደጋን አብሮ መስጠት ነው። ለይቶ አቆይቶ፣ ዕድሜው 3 ወር ገደማ ሲሞላ አስከትቦ፣ ጠባዩን አይቶ መስጠት ግን አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል። ሽግግሩ ሳይዘገይ፣ ሳይቸኩልም መኾን ያለበት ለዚህ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ በአንድ አካባቢ መተላለፉን እንዲያቆም ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶ የሚኾኑት መከተብ እንዳለባቸው ባለሙያዎች ይመክራሉ። በብዙ ከተሞች ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው ውሾችን በመርዝ የማስወገድ ዘዴ በሽታውን አላጠፋም፤ የሞቱት ቦታ በሌሎች ያልተከተቡ ውሾች ይሞላልና። ክትባት የሚደርሰው ደግሞ ይዞ የሚቀርብ ሰው ላለው ውሻ ነው።

በዚህ መካከል የነከሰ ውሻ ካለ ሁለት ሥራዎች አብረው ይሠራሉ። የተነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። ጤናማ የሚመስለው ውሻ ደግሞ ከመገደል ይልቅ ታስሮ ለ10 ቀናት ክትትል ይደረግበታል። ቫይረሱ በምራቅ ውስጥ የሚገኘው ምልክቱ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩትና ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለዚህ በነከሰበት ቀን የሚያስተላልፍ ከነበረ በእነዚያ 10 ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። ሰውየው ግን የውሻውን ውጤት እየጠበቀ መዘግየት የለበትም፤ ክትባቱ ይቀጥል ወይም ይቁም የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ለገበሬው የሚጨመር ሌላ ጉዳይ አለ። በጎችን በአንድ አቅጣጫ እያዞረ የሚጥለውና በብዙ ቦታ አዙሪት የሚባለው በሽታ መነሻው በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር የኮሶ ትል ነው። ውሻው የታመመችውን በግ ጭንቅላት ሲበላ ትሉን ይወስዳል፤ እንቁላሉን በኩሱ በግጦሽ ላይ ይበትናል፤ በጎች ይግጡታል። ውኃ የቋጠረ እጢ ያለበትን ጉበትና ሳንባ ለውሻ መጣልም ተመሳሳይ ዑደት ያስኬዳል፤ በዚህኛው ሰውም ሊታመም ይችላል። አዲስ የመጣ ውሻ በመንጋው መካከል ከመለቀቁ በፊት የትል መድኃኒት ሊሰጠው፣ ከዚያም በኋላ ጥሬ የሆድ ዕቃና ጭንቅላት እንዳያገኝ ሊደረግ ይገባል።

በደጋማ ቦታዎች የሚሰጥ ውሻ ሌላም ጎረቤት አለው። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና ቁጥሩ ከ500 በታች እንደሚኾን የሚገመተው ቀይ ቀበሮ በስሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በአቡነ ዮሴፍና በቦረና ሳይንት ይኖራል። ትልቁ ሥጋቱ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 የተቀሰቀሰው የእብድ ውሻ በሽታ በርካታ ቀይ ቀበሮዎችን ገድሏል፤ ዲስቴምፐር የተባለው የውሾች በሽታም በተለያዩ ጊዜያት ተመሳሳይ ጉዳት አድርሷል። በእነዚህ አካባቢዎች ለእረኛ የሚሰጥ ቡችላ ሳይከተብ ወደ ተራራው መውጣት የለበትም።

መስጠቱ ቀላል የሚኾነው ገና በተቀበሉበት ሳምንት ሲታሰብበት ነው። የሚረከበው ሰው ማን እንደኾነ፣ በየትኛው ወር እንደሚወስደው ከወዲሁ ቢነጋገሩ ልጆችም ያንን እያወቁ ያሳድጉታል። ገበያ መካከል ወይም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ ትቶ መሄድ መስጠት አይባልም፤ መጣል ነው። ለሴት ቡችላ ተቀባይ ሲፈለግ እንዳትወልድ የማድረግ አገልግሎት በአቅራቢያ እንዳለ የእንስሳት ሐኪሙን መጠየቅ፣ ከሌለ ደግሞ በምትሰክርበት ጊዜ በዝግ ቦታ የሚያቆያት ሰው መምረጥ ያስፈልጋል። ለሚቀበለው ሰው እውነቱ ሁሉ ሊነገረው ይገባል። የት እንደተገኘ፣ ምን እንደበላ፣ ማንን እንደነከሰ፣ ዶሮ ይነካ እንደኾነ፣ መቼ እንደተከተበ ማወቅ መብቱ ነው። የክትባት ወረቀቱም ከውሻው ጋር አብሮ ይሄዳል። ጉድለቱን ደብቆ የሰጠ ሰው በወሩ መጨረሻ ውሻውን በገዛ በሩ ላይ ቆሞ ያገኘዋል።

በአዲሱ ቤት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውሻው በዝግ ግቢ ወይም በረዘም ገመድ መቆየት አለበት። ይተኛበት የነበረው ጨርቅ ሳይታጠብ አብሮት ቢሄድ ሌሊቱ ይቀልለታል፤ ምግብ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአንድ ሰው እጅ ቢቀበል ቶሎ ይለምዳል። ሰጪው «እንዴት ዋለ» እያለ በየቀኑ መመላለሱን ለጥቂት ሳምንታት ቢያቆየው ይመረጣል። ውሻው አምልጦ ወደ ቀድሞው ደጅ ቢመለስ፣ ይህም ሰፈሩ ቅርብ ሲኾን ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ በዚያ ሳያበሉ በዚያው ቀን ወደ አዲሱ ባለቤት መውሰድና እዚያ እንዲበላ ማድረግ ያስፈልጋል።